መነጽሬን ሳወልቅ እናታችን ነኝ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይይዝሃል ወይ? ባለቤትህስ ደህና ናት? የደም ግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ድሮው ደህና የሆነች በመሰላት ቀን ትተወዋለች? ትልቋ ልጅህም፣ መንትዮቹም እንደምን አሉ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ጆሮዬ ይሰማል፣ ጥርሴ ያኝካል፣ ወገቤ እንደ ዕድሜው ነው። እህታችንም በአካሏ ደህና ናት። የቀረውን ሳልደብቅ በተራው እጽፍልሃለሁ። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል ተቀምጠህ አንብበው።

የምጽፍልህ ከመጦሪያ ቤቱ የልብስ መተኮሻ ክፍል ነው። ተኳሿ ደግ ሴት ናት፤ የጠረጴዛዋን ጫፍ ለቀቀችልኝና «ቀለም ብቻ አንሶላዎቼ ላይ እንዳይነካብኝ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እንፋሎቱ መነጽሬን እየሸፈነው በየመስመሩ እጠርገዋለሁ። ለምን በክፍልሽ ሆነሽ አትጽፊም ትል ይሆናል። እስከዚህ ሳምንት ድረስ በክፍሌ ውስጥ መነጽር ማድረግ ስለማልችል ማንበብም መጻፍም እዚህ ለምጄ ነው። ነገሩን በስልክ በቁርጥራጭ ነግሬሃለሁ፤ ስልክ ላይ ግን አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ መሀል ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እህታችን እዚህ የገባች ሰሞን ገና ራሷ ነበረች። የመርሳት በሽታ ቢሉትም እሷ የረሳችው ጡረታ መውጣቷን ብቻ ይመስል ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ትኬት እየቆረጠች እንደኖረች፣ እዚህም ኮሪደሩ መሀል ትቆምና «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በር ላይ አትቁሙ፣ ወራጅ አለ» ትላለች። ያ ሁሉ አዛውንት ከነምርኩዙ ጠጋ ይላል። አንድ ጡረተኛ ዳኛ «እኔ ቆርጫለሁ» ሲሏት «እስቲ ያሳዩኝ» ትላቸዋለች፤ ሰውዬው ኪሳቸውን ሲፈትሹ ይውላሉ። ሠራተኞቹ «ትኬቷ» ይሏት ነበር። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጠይቃት ስመጣ ከሩቅ ታየኝና «ሚዛኗ መጣች፣ ዕቃችሁን ደብቁ» ብላ ታስቃቸዋለች። የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኜ ስዞር ያወጡልኝን ስም ከነጋዴዎቹ ይልቅ ያስፋፋችው እሷ መሆኗን አንተም ታውቃለህ። ያኔ ይቆጨኝ ነበር። አሁን ቢጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ከዚያ ትኬቷም እየራቀች ሄደች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ቀጥሎ ኮሪደሩን ተወችው፤ በመጨረሻ ምግብ አልቀምስም አለች። ማንኪያ ሲያቀርቡላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እንዲህ ሆና ሳለ አንድ ቅዳሜ ዝናብ ደብድቦኝ ገባሁ። ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ፣ መነጽሬን አውልቄ በቀሚሴ ጫፍ ስጠርግ ቀና ብላ አየችኝ። ያለ መነጽር ዓይኔን አጥብቤ ነው የማየው። ወዲያው ቀጥ ብላ ተቀመጠችና «እማዬ» አለችኝ።

አንተ እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ትል ስለነበር አታውቃትም። ልብስ አጣቢ ነበረች። ዓይኗ ደካማ ነበር፣ መነጽር ግን አልነበራትም፤ ሰውንም እድፍንም የምታየው እንዲህ አጥብባ ነው። ስታይህ ሰው ሁን እድፍ ራስህም አታውቅም። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ትናገራለች፤ ሁለተኛውን የሚናገረው እጇ ነው። ትወደን ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም፤ ግን እሷ ፊት ማንም ልጅ ተዝናንቶ ተቀምጦ አያውቅም። እኔ ይህን ሁሉ ሳላስብ በዚያ ቅዳሜ የሾርባውን ሳህን አነሳሁና «ጨርሺ» አልኳት። ጨረሰች።

ሠራተኞቹ በደስታ ሊያብዱ ደረሱ። የመጦሪያ ቤቱ ኃላፊ ሥርዓት ያላት ሴት ናት፣ ቢሮዋ አስጠራችኝና በእህታችን ክፍል ያለው ሁለተኛ አልጋ ባዶ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ብተኛበት እንዴት እንደሚሆን ጠየቀችኝ። እህትዎ እናታቸው አጠገባቸው ያለች ሲመስላቸው ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ አይጮሁም አለችኝ። ቤቴን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤቴ ለሰዓት ሠሪው ሰጠሁና ገባሁ። ከገባሁ ክረምቱ አልፎ ሌላ ወቅት መጥቷል።

ያኔ በስልክ ስነግርህ ሳቅህ። «አንቺ ለእኔም እናት ነበርሽ፣ ምን አዲስ ነገር አለው» አልከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ፣ ግን ልክ አልነበርክም። አሳድጌሃለሁ፤ አዝዬሃለሁ፣ አጥቤሃለሁ፣ ትምህርት ቤት አስገብቼሃለሁ። ያን ሁሉ ሳደርግ እትዬ ብለህ ነው የጠራኸኝ። የሌላ ሰው ስም ተሸክሜ አላሳደግሁህም።

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ቀኔ እንዴት ይውል እንደነበር ልንገርህ። ጠዋት ከመንቃቷ በፊት መነጽሬን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጭጋግ ነው። አልጋዋን አውቀዋለሁ፣ መስኮቱ ብርሃን ያለበት ቦታ ነው፣ ሰው ሲገባ በጫማው ድምፅ እለየዋለሁ። ማንበብ የለም። ሬዲዮ ከፍቼ ዜና ልስማ ስል «እማዬ ሬዲዮ አትወድም» ብላ ትገረማለች፣ እዘጋዋለሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ መቆም፣ በአጭሩ መናገር፣ አለመሳቅ ለምጃለሁ። ስትናገር ስህተት አላርምም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ጉድለት ሳርም ለኖርኩት ለእኔ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አንተ ታውቃለህ።

ከሁሉ የሚገርመው ስለ ራሴ የምሰማው ነው። ለእናቷ ስሞታዋን ትነግራለች፣ ስሞታው ደግሞ ሁሉ እኔ ነኝ። «እማዬ፣ እትዬ ቅቤ የቆረስኩበትን ቢላ ሳይቀር ታሸታለች» ትለኛለች። «እትዬ ስትስቅ እንኳ ለክታ ነው።» አንድ ቀን ደግሞ «አንቺ እሷን ነው የምትወጂ፣ እኔን ለመላላክ ነው የወለድሽኝ» ብላ አለቀሰች። ምን ብዬ ልመልስ? እኔ የምመልሰው አለኝ፣ ብዙ አለኝ፤ እናታችን ግን ምን እንደምትመልስ አላውቅም። ዝም ማለቴን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

በዚህ መሀል ሠራተኞቹም ተቀየሩ። ሚዛኗን የሚያውቁት የድሮዎቹ ሄዱ፤ አዲሶቹ ያገኙኝ እማዬ ስባል ነው። እነሱም «እማማ» ይሉኛል፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ «እናትየዋ»። ከእህቴ የምበልጠው በአራት ዓመት ነው፤ በስንት ዓመቴ ወለድኳት ብለው እንደሚያስቡ እንጃ። አንዷ ልጅ እግር አስታማሚ፣ ሳቂታ ናት፣ ምሳዬ ላይ ያለውን ሥጋ ቆራርጣ ማቅረብ ጀመረች። «ቢላ መያዝ እችላለሁ» ስላት «እንዴታ እማማ፣ ከእኔ ይበልጥ ነው የሚችሉት» አለችና መቁረጧን ቀጠለች። ሌላኛዋ ጫማዬን ከአልጋዬ ሥር አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ እንዳልወድቅ ብላ ነው። ክፉ ሰው የለም፣ ወንድሜ። ክፉ ሰው ቢኖር እንዴት እንደምናገረው አውቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መነጽር ሠሪው ዘንድ ልሄድ፣ በዚያውም ቤቴን ልይ ብዬ ጫማዬን አስከፍቼ ወደ በሩ ወጣሁ። ዘበኛው አዲስ ነው። «ወዴት ነው እማማ?» አለኝ። ወደ ቤቴ አልኩት። «አብሮዎት የሚሄድ ሰው አለ?» የለም፣ ደግሞም አያስፈልገኝም፤ እኔ እዚህ የምኖረው እህቴን ለማስታመም ነው አልኩት። «እሺ» አለኝ፣ በዚያ ለሕፃን በሚባለው እሺ። በዚህ ጊዜ ሳቂታዋ ደርሳ «ምነው?» አለች። «እህቴን ለማስታመም ነው የመጣሁት ይላሉ» አላት። «ኧረ የትኬቷ እናት ናቸው» አለችው። እኔም ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ የሚዛን ተቆጣጣሪ እንደ ነበርኩ፣ በራሴ ፈቃድ እንደ ገባሁ፣ ኃላፊዋን መጠየቅ እንደሚችሉ፣ የምናገረው ሁሉ በቅደም ተከተል እንደ ሆነ። ባብራራሁ ቁጥር ዘበኛው ይበልጥ እየለሰለሰ ሄደ። በመጨረሻ «አባቴም ልክ እንደዚህ ነበር፣ አንድ ቃል አይሳሳትም» አለና ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ መለሰኝ።

ወንድሜ፣ በዚያች ደቂቃ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሰው እኔ እኔ ነኝ ብሎ ማስረዳት ሲጀምር ነገሩ እንዳለቀ ገባኝ። በየክፍሉ ያሉትን ሰዎች አሰብኳቸው። ዳኛው ዳኛ ነበርኩ ሲሉ እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን «እሺ» እንላቸዋለን። ዳኛ ነበሩ እኮ።

ኃላፊዋ ስትሰማ በጣም አፈረች፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። መውጣት መግባት መብትዎ ነው አለችኝ፤ ዛሬውኑ ጠቅልለው ወደ ቤትዎ መሄድም ይችላሉ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እርስዎ ሲሄዱ ግን እህትዎ መጮህና አልበላም ማለት ከጀመሩ ሌሎቹን ስለሚረብሹ ወደ ላይኛው ፎቅ ለማዛወር እንገደዳለን አለችኝ። ላይኛውን ፎቅ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹም አይሰለቹም። በሩ ግን የሚከፈተው በቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የሚያውቁት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ወንበሮቹ ፊት ለፊታቸው ጠረጴዛ አላቸው፣ ጠረጴዛው ይቆለፋል፣ ሰው በራሱ አይነሳም። «ምርጫው የእርስዎ ነው» አለችኝ። መያዣ የሌለው በር አሳይቶ ክፈቺው እንደ ማለት ነው። ተመልሼ ክፍሌ ገባሁና መነጽሬን አወለቅሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እሷ ተኝታ ሳለች እዚህ መጥቼ ጋዜጣ አነበብኩ። ስመለስ መነጽሬን ማውለቅ ረሳሁ። ነቅታ ነበር። አየችኝ። ፊቷ ሲከፈት በደንብ አየሁት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷን በደንብ ማየቴ ነበር፣ ቅንድቧ ሁሉ ነጭ ሆኗል። በሹክሹክታ «እትዬ፣ ግቢ ግቢ፣ እማዬ ወጣ ብላለች» አለችኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። «የት ጠፍተሽ ነው? ተቀይመሽኛል ብዬ ነበር።» አልተቀየምኩሽም አልኳት። «ታዲያ ለምን መምጣት ተውሽ?» በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጬ እህቷን የከለከልኳት እኔው ነኝ።

ከዚያ እጄን ያዘችና በሩን እያየች የነገረችኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «እማዬ አትለየኝም፣ እትዬ። ስበላ ታየኛለች፣ ስተኛ ታየኛለች። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ደከመኝ። ቤትሽ ውሰጂኝ፣ ቦታ አላጣብብሽም፣ ጥግ ላይ እተኛለሁ። ለእሷ እንዳትነግሪያት ብቻ።» ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ሲሰማ እጄን ለቀቀች፣ አፏን ጠረገች፣ ፀጉሯን በጣቶቿ አበጠረች፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሠራተኞቹ «እንዴት ያለች ጨዋ ሆነች» የሚሉት ይህን አቀማመጥ ነው። እኔም ደስ እያለኝ ስሰማው ከረምኩ።

ሳህኗን የምትጨርሰው ርቧት አልነበረም፣ ወንድሜ። ፈርታ ነው። ያቺ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የምታዝ፣ ሰካራሙን በአንገቱ ይዛ የምታወርድ፣ ዳኛን ኪስ የምታስፈትሽ ሴት በእኔ እጅ ተመልሳ አንዲት የፈራች ልጅ ሆነች። በሽታው ወስዷታል እንል ነበር። ከፊሉን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ፤ ለደግ ብዬ፣ ሁሉም እያመሰገኑኝ። እኔ በእሷ ምክንያት ታሰርኩ እያልኩ ሳዝን፣ እሷ በእኔ ምክንያት ታስራ ነበር። ሁለታችንንም የምትጠብቀን ከሞተች ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት።

ረቡዕ ጠዋት ኃላፊዋ ዘንድ ሄጄ ከዛሬ ጀምሮ መነጽሬን አላወልቅም አልኳት። አደጋውን በደንብ አስረዳችኝ፤ ትጮሃለች፣ አትበላም፣ እናቷን ትፈልጋለች አለችኝ። ሁሉንም አውቃለሁ አልኩ። እህትዎ ላይኛው ፎቅ ከወጡ እርስዎ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ አብሬያት እወጣለሁ፣ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ስጡን አልኳት። «በሩ እኮ ለእርስዎም ይቆለፋል» አለችኝ። በሩን አይቼዋለሁ አልኳት። መዝገቧን ገለጥ አድርጋ ሰኞ እናዛውራችኋለን አለች። ቁጥሩን ለእኔ ሊነግሩኝ ደንቡ አይፈቅድም። ለመውጣት ስፈልግ ደወል እደውላለሁ፤ የሚከፍትልኝ ሠራተኛ ማን እንደ ሆንኩ የሚያውቅ ከሆነ እወጣለሁ፣ ካላወቀ እጠብቃለሁ። ይህን አውቄ ነው የወሰንኩት፤ አንተም በዚህ አትከራከረኝ። አልፈራም ብዬ ግን አልዋሽህም።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ስትደውል «እናትየዋን አገናኙኝ» ማለት ለስልክ ተቀባዩ እንደሚቀለው አውቃለሁ፣ ባለፈው እንዲያ ብለህ ነው ያስጠራኸኝ። ከእንግዲህ ታላቅ እህቴን በል። እስኪገባቸው ድረስ ጠብቅ። ከቻልክ ደግሞ በዚህ ዓመት መጥተህ እነሱ ፊት እትዬ ብለህ ጥራኝ።

እንደ ተባለው ሆነ። ትናንት ሙሉ ቀን እናቷን ፈለገች፣ ጮኸች፣ ማንኪያውን ወረወረችው፣ ሳቂታዋን ቧጨረቻት። እኔንም «አንቺ ደግሞ ምን ታፈጪብኛለሽ» አለችኝ። ማታ በደንብ አልበላችም። ሁለት ጊዜ እጄ ወደ መነጽሬ ሄዶ ነበር፣ መለስኩት። ዛሬ ምሳ ላይ ሾርባ አመጡ። አቀረብኩላት፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ራስሽ ብይው፣ እትዬ» አለችኝ። ቀመስኩት። «ጨው የለውም» አልኳት። «አላልኩሽም?» አለችና ዳቦዋን አንስታ ግማሹን በላች፤ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ።

ባለቤትህን ከልቤ ሰላም በልልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትተው እኔ ብያለሁ በላት። ትልቋን ልጅህን ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ የላከችልኝ ሹራብ እጅጌው ረጅም ቢሆንም ሙቀቱ ጥሩ ነው። መንትዮቹን አንዱን ካንዱ ሳታስቀድም ሳምልኝ። የባለቤትህን እናት እንደምን ከረሙ በልልኝ። የሰፈርህን ጫማ ሰፊ፣ ያን ጨዋታ አዋቂውን ሽማግሌ፣ አስታውሳቸዋለሁ በላቸው። እህታችንም ሰላም ትልሃለች ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አላለችም፤ ዛሬ አንተን አላነሳችህም። ስታነሳህ በዚያው ቀን እጽፍልሃለሁ።

እትዬህ

ከመጦሪያ ቤቱ የልብስ መተኮሻ ክፍል፣
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን